መሐሏ አልሳል ያላት ጎባጣ ቢላዋ

አንዲት እህት እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «እጀታዋ የእንጨት የሆነ፣ ስለቷ እንደ ማጭድ ወደ ውስጥ የጎበጠ ትንሽ ቢላዋ አለችኝ። ድንች፣ ካሮትና ዝንጅብል የምልጠው በእሷ ነው። አሁን ዶልዱማለች። በመሳያ ድንጋይ ብስላት ጫፏና እጀታዋ ሥር ያለው ብቻ ይሳላል፤ መሐሏን ንክች አያደርገውም። ቢላዋ ለሚስል ሰው እንዳልሰጣት ደግሞ በሚሽከረከረው ድንጋይ በልቶ ይጨርሳታል ብዬ ፈራሁ። ቤት ውስጥ መሳል ይቻላል? በየስንት ጊዜውስ ልሳላት?»

ይቻላል፤ እንዲህ ያለችውን ቢላዋ ባለቤቷ ራሷ ቤት ውስጥ ብትስላት ይሻላል ባይ ነኝ። በድንጋይዎ ላይ ጥፋት የለም፤ በእጅዎም ላይ የለም። ያልተስማሙት ሁለቱ ቅርጾች ናቸው። ማስመሪያ ያንሡና ስለቷን ከማስመሪያው ቀጥ ያለ ጠርዝ ጋር ገጥመው ወደ መብራት ያዙት። ጫፏና ሥሯ ማስመሪያውን ሲነኩ በመሐል ብርሃን ያልፋል። ስለታቸው ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም የመላጫ ቢላዋዎች ላይ ያ ክፍተት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ለዓይን ትንሽ ነው፤ ለድንጋዩ ግን የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ነው። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ መፈተግዎን ቢቀጥሉ መሐሏ የሚሳለው ጫፏና ሥሯ ተበልተው ቢላዋዋ ቀጥ ስትል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የድንቹን ክብ ገላ ተከትላ ልጣጩን በስሱ የምታነሣበት ጉብጠቷ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እስካሁን ሞክረው ከሆነ ያቁሙ።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ወደ ውስጥ የጎበጠ ስለት የሚሳለው ከራሱ ጉብጠት ይልቅ ይበልጥ በተሰበሰበ ክብ ነገር ነው። ክብ ዘንግ ከስለቱ ጋር ተሻግሮ ሲቀመጥ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱን ነጥብ በየተራ ይነካል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። የመወልወያ እንጨት ቁራጭ በቂ ነው።

ምን ያህል ውፍረት ያለው ዘንግ ይሁን ለሚለው ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። «ክብ ይሁን» ሲባል እርሳስ ወይም ቀጭን ክብ ሞረድ የሚያነሡ አሉ። ቀጭን ዘንግ ጉድጓዱ ውስጥ መግባቱን ይገባል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚነካው እጅግ ጠባብ ቦታ ስለሆነ እጅዎ ጥቂት በዘገየበት ሁሉ የየራሱን ትንሽ ጎድጓዳ ያበጃል። ውጤቱ ወጣ ገባ ያለ፣ ማዕበል የሚመስል ስለት ነው። ያንን ማስተካከል ከመሳሉ ይብሳል። ሞረድ ደግሞ ለማጭድና ለመጥረቢያ እንጂ ለስስ የወጥ ቤት ቢላዋ አይሆንም፤ ጥርሱ ሻካራ ስለሆነ ብረቱን ይቧጭራል፤ ቢላዋው ጠንካራ ብረት ከሆነ ደግሞ ሞረዱ ራሱ እየተንሸራተተ ይደንዛል። ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመወልወያ ወይም የመጥረጊያ እንጨት ለእርስዎ ቢላዋ ይስማማል፦ ጉብጠቱ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፣ የሚነካውም ቦታ ሰፋ ያለ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። እንጨቱ ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት ይሁን።

በእንጨቱ ላይ የሚጠቀለለው የብርጭቆ ወረቀት ነው። ከቀለም መሸጫ ሱቅ ውኃ የሚችለውን ጥቁሩን ይግዙ፤ የመኪና ቀለም የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ነው። ቁጥሩ በጀርባው ላይ ታትሟል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ፣ ሲጨምር ለስላሳ ነው። 400፣ 1000 እና 2000 ቢኖርዎት ሥራው ይሟላል። ስለቷ ላይ የተሸረፈ ቦታ ካለ ብቻ 240 ይጨምሩ። ወረቀቱን አንድ ዙር ብቻ፣ ሳይላላና ሳይደራረብ ጠቅልለው ዳርና ዳሩን በፕላስተር ያሥሩት። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢጠቀልሉት ይለሰልስና ስለቱ ሲያልፍበት ከሥሩ እየተነሣ የተሳለውን ጠርዝ መልሶ ያደበዝዘዋል።

አሁን ቢላዋዋን በሳሙና አጥበው ያድርቁና ከመብራት ሥር ስለቷን ወደ ላይ አድርገው ይመልከቷት። የተሳለ ስለት ብርሃን አይመልስም፤ ምክንያቱም ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት የለውም። የዶለዶመ ስለት ግን በጠርዙ ላይ የምታብለጨልጭ ቀጭን ነጭ መስመር ያሳያል። ያቺን መስመር በደንብ ይያዟት፤ ሥራዎ ሁሉ እሷን ማጥፋት ነው። የእርስዎ ቢላዋ ላይ መሐሉ ላይ ሰፋ ብላ፣ ጫፍና ሥር ላይ እየጠፋች ትታያለች ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ የስለቱን ዳር በሁለቱም ጎን በጥቁር ማርከር ይቀቡ። ማርከሩ የተፋቀበት ቦታ ወረቀቱ የነካበት ነው፤ ጥቁር ሆኖ የቀረው አልተነካም። በእጄ ለዓመታት የሳልኩ ሰው ነኝ፤ አዲስ ቅርጽ ሲመጣብኝ ዛሬም ማርከር ሳልቀባ አልጀምርም።

ማዕዘኑን በተመለከተ፣ ለመላጫ ቢላዋ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ዲግሪ መለኪያ መፈለግ የለብዎትም። የቢላዋዋ ወርድ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ ጀርባዋ ከዘንጉ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ ከትንሿ ጣትዎ ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው ጀርባውን ከሚገባው በላይ ያነሣል። ማርከሩ ጠርዙ ላይ ብቻ በፀጉር ስፋት ከተፋቀ አብዝተው አንሥተዋል ማለት ነው፤ ወደ ጀርባው የሚጠጋው ተፍቆ ጠርዙ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ደግሞ አብዝተው አስተኝተዋል። ጥቁሩ ከነባሩ የስለት ተዳፋት፣ ማለትም ወደ ጠርዙ እየሳሳ ከሚያዘነብለው ገጽ ላይ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ እኩል ሲለቅ እጅዎን እዚያው ላይ ያጽኑ።

አቀማመጡን እንዲህ ያድርጉት። መክተፊያ ጣውላ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፈው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ዘንጉን በጣውላው ቀኝ ዳር ላይ፣ አንዱ ጫፍ ወደ እርስዎ ሌላው ወደ ፊት ሆኖ፣ በሁለቱም በኩል በፕላስተር አጥብቀው ያሥሩ። ቀኝ ዳር ያልኩት በምክንያት ነው፦ ቢላዋዋን በዘንጉ ላይ አሻግረው ሲያስተኙ እጀታው ከጣውላው ውጭ ስለሚሆን የጣትዎ አንጓ ከጣውላው ጋር አይጋጭም። ግራኝ ከሆኑ በግራ ዳር ያድርጉት። ሥራው የሚጀመረው በ400ው ወረቀት ነው፤ እሱን በውኃ ያርጥቡ።

ስለቷ ወደ ፊት፣ ጀርባዋ ወደ እርስዎ ሆኖ እጀታው ሥር ያለውን የስለት ክፍል በዘንጉ ሩቅ ጫፍ ላይ ያሳርፉ። ጀርባዋን ያችን ጥቂት ሚሊ ሜትር አንሥተው ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ እየሳቡም ቢላዋዋን ቀስ በቀስ ወደ ቀኝ ያንሸራትቱ፤ ዘንጉ ከሥሯ ተነሥቶ መሐሏን አልፎ ጫፏ ጋር ሲደርስ መንገዱም ያልቃል። ሁልጊዜ ጀርባዋ ይቅደም፣ ስለቷ ይከተል። ስለቷን ካስቀደሙ ወረቀቱን ትቀደዋለች። ጫፏ ላይ ሲደርሱ ከዘንጉ ላይ አያሳልፏት፤ ጫፏ ዘንጉ ላይ እንዳለች ያቁሙና ወደ ላይ ያንሡ። ሾልካ ካለፈች ዘንጉ ጫፏን ይበላታል፤ የድንች ዓይን የምታወጣዋ ሹል ጫፍ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ትደነዝዛለች። ሌላውን ጎን ለመሳል ቢላዋዋን ገልብጠው ስለቷን ወደ ራስዎ አዙረው ወደ ፊት ይግፏት፤ እዚህም ጀርባዋ ነው የምትቀድመው። ጫና አያብዙ። የቢላዋዋ ክብደትና የእጅዎ ክብደት ጥቂት ሲጨመርበት ይበቃል።

በአንድ ጎን አሥር ያህል ሲስቡ ማርከሩን ይመልከቱ። መሐሉ ላይ ጥቁር ከቀረ እዚያ ቦታ ላይ ብቻ ጥቂት ይጨምሩ፤ ግን አንድ ነጥብ ላይ ቆመው አይፈትጉ፤ እጅዎ ምን ጊዜም በጉዞ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ምልክት እንምጣ። ብረቱ ከአንድ ጎን ተፍቆ ጠርዙ ላይ ሲደርስ፣ ከጠርዙ ጫፍ ላይ እጅግ ስስ የሆነች ብረት ወደ ማዶው ጎን ትገለበጣለች። በዓይን አትታይም ማለት ይቻላል፤ በጣት ግን ትታወቃለች። አውራ ጣትዎን ከጀርባዋ ተነሥተው ወደ ስለቷ አቅጣጫ፣ ከጠርዙ ወደ ውጭ እያወጡ ቀስ ብለው ይዳብሱ። በጠርዙ ርዝመት ላይ በፍጹም አይሂዱ፤ ይቆርጣል። ስለቷ ጋር ሲደርሱ ጣትዎን ያዝ የሚያደርግ ሻካራ ነገር ከተሰማዎት ያቺ ናት። በጣትዎ ካልተማመኑ የጥጥ ቁራጭ ወይም ነጠላ ጨርቅ በዚያው አቅጣጫ ያሳልፉበት፤ ክሩን ትይዘዋለች። ከሥር እስከ ጫፍ፣ መሐሉንም ጨምሮ፣ ሳትቋረጥ መውጣት አለባት። መሐሉ ላይ ካልወጣች መሐሉ አልተሳለም፤ ጫፉ ምንም ያህል ቢስል። «ብዙ ሳልኩት ግን አልቆርጥ አለኝ» የሚሉ ሰዎችን ቢላዋ ስመለከት ከሁለት አንዱ ነው የማገኘው፦ ይህችን ምልክት ሳያገኙ ጎን ቀይረዋል፣ ወይም አግኝተዋት ሳያስወግዷት ትተዋል።

ከአንዱ ጎን ስትወጣ ገልብጠው ሌላውን ጎን ይሳሉ፤ አሁን ወደ መጀመሪያው ጎን ትገለበጣለች። ያን ጊዜ ወረቀቱን ወደ 1000 ይቀይሩና ተመሳሳዩን ይድገሙ፤ ጫናዎን ግን በግማሽ ይቀንሱ። በ2000 ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ በዚህ ጎን፣ አንድ ጊዜ በዚያ ጎን እያፈራረቁ፣ ቢላዋዋ በራሷ ክብደት ብቻ እንደምትሄድ አድርገው ይሳቧት። የዚህ ዓላማ ያችን ስስ ብረት ወዲያና ወዲህ እያሉ አድክሞ ማስወገድ ነው። እሷ ካልተወገደች ቢላዋዋ የመጀመሪያውን ድንች እንደ ምላጭ ትልጣለች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ትታጠፍና እንደገና ደነዘች ይላሉ።

ማስጨረሻው ቆዳ ነው። ያረጀ የቆዳ ቀበቶ ካለ ሻካራውን የውስጥ ፊት ወደ ውጭ አድርገው በዚያው ዘንግ ላይ በርዝመቱ ያሥሩትና ጥቂት ጊዜ በየጎኑ፣ እንደተለመደው ጀርባዋን አስቀድመው ይሳቧት። ቀበቶው እውነተኛ ቆዳ ይሁን፤ የላስቲኩ አይሠራም። ከሌለ ደግሞ ጋዜጣ በዘንጉ ላይ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል ለዚህ ያገለግላል።

ለመፈተን የጋዜጣ ቅጠል በአንድ እጅዎ አንጠልጥለው መጀመሪያ በሥሯ፣ ከዚያ በመሐሏ፣ ከዚያ በጫፏ ለየብቻ ይቁረጡ። ሦስቱንም ለየብቻ መፈተኑ ግድ ነው፤ ጎባጣ ቢላዋ በአንድ ቦታ ስል ሆኖ በሌላው መደንዘዝ ልማዱ ነው። ወረቀቱ የያዛት ቦታ ካለ እዚያ ላይ 1000ውን ይድገሙ። ከዚያ በሳሙና አጥበው፣ በተለይ እጀታው የሚጀምርበትን ስንጥቅ በደንብ ያጥቡ፤ የብረትና የወረቀቱ ብናኝ እዚያ ይሸጎጣልና።

በቡና ሲኒ ስለ መሳልም ልጨምር። የቡና ሲኒን ገልብጠው ቢያዩት የሚያርፍበት ክብ ጠርዝ ልባስ የለውም፤ ሻካራና ነጣ ያለ ነው። ያ ጠርዝ ከቢላዋ ብረት የጠነከረ ስለሆነ ብረት ይስላል፤ ጠባብና ክብ ስለሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ የጎበጠች ስለት ውስጥ ይገባል። እናቶቻችን ይህን ያለ ማንም አስተማሪ ያውቁታል። ሲኒው እንዳይንከባለል በእርጥብ ጨርቅ ላይ ገልብጠው፣ በተመሳሳዩ ማዕዘን፣ ቀለል አድርገው ይሳቧት። እንደ ሲኒው ባለ ትልቅ የሸክላ ኩባያ ቢሆን ይበልጥ ይመቻል፤ አይንቀሳቀስም። ሙሉ በሙሉ የዶለዶመችን ቢላዋ በሲኒ ለማዳን መሞከር ግን ድካም ነው፤ ሲኒ ጥሩ የሚሆነው በወረቀት ከተሳለች በኋላ ስለቷን ለማቆየት ነው። ጀበና ላይ የሚሞክሩም አሉ። ጀበና እንደ ሲኒ በከፍተኛ ሙቀት የተቃጠለ አይደለም፤ ይፋቃል፣ ጀበናውም ይጎዳል፣ ስለቱም አይሳል።

አሁን ስለ ፈሩት ነገር። ፍርሃትዎ ትክክል ነው። የሚሽከረከረው ድንጋይ ክብ ስለሆነ ለጎባጣ ቢላዋ የሚስማማ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢላዋ ሲሳል ስለቱ የሚተኛው በድንጋዩ ውፍረት አግድም ነው፤ በዚያ በኩል ደግሞ ድንጋዩ ጠፍጣፋ ነው። ወደ ውስጥ በጎበጠ ስለት ላይ የድንጋዩ ሁለት ማዕዘኖች ገብተው ይቆፍራሉ። ሌላው ሙቀት ነው። ቢላዋ በሚሠራበት ጊዜ ብረቱ በእሳት ግሎ፣ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው ጥንካሬውን የሚያገኘው። በደረቅ ድንጋይ ላይ ስስ ስለት በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። በተለመደው ዝገት የሚይዘው ብረት ላይ ጠርዙ ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊ የሆነ ጠርዝ ጥንካሬው አልፎበታል፤ ዛሬ ቢስል ነገ ይደነዝዛል፤ ያ ክፍል ተፍቆ ካልተወገደ መድኃኒት የለውም። ውኃ እያጠጣ፣ በቀስታና በጥንቃቄ የሚስል ባለሙያ መኖሩን አልክድም። ለበዓል ዋዜማ የሥጋ ቢላዋዎን ለእሱ ይስጡት። ይህችን ግን አይስጡ።

ከሱፐርማርኬት የሚገዛው፣ ቢላዋ በመሐሉ ተጎትቶ የሚያልፍበት መሳያም አለ። ብረት የሚቧጥጡ ሁለት ጠንካራ ጥርሶች ያሉት ነው። ጎባጣ ስለት ያልፍበታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ስለቱን ከመሳል ይልቅ ይልጠዋል፣ ጠርዙንም የተሰነጣጠቀ ያደርገዋል። እኔ አልመክረውም።

ጥያቄዎን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ቢላዋቸው በተቃራኒው፣ ሆዱ ወደ ውጭ የተነፋ ሊሆን ይችላል፤ የዶሮ ብልት የሚያወጡበት ወይም ሥጋ ከአጥንት የሚለዩበት ትንሽ ቢላዋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ለዚያ ዘንግ አያስፈልግም፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ራሱ ይበቃል። ልብ የሚባለው ነገር አንድ ነው፦ ቀጥ ያለውን ክፍል አልፈው ሆዱ ወደ ጫፉ መዞር ሲጀምር እጀታውን በጥቂቱ ወደ ላይ ማንሣት። ካላነሡት ስለቱ ከድንጋዩ ይለቅና ጫፉ ሳይሳል ይቀራል። አብዝተው ካነሡት ጫፉ ይደነዝዛል። እዚህም ማርከሩ ይነግርዎታል።

ከመጀመርዎ በፊት ግን አንድ ነገር ያረጋግጡ። ቢላዋዋን ከጫፏ በኩል ፊት ለፊት ይመልከቷት፤ ተዳፋቱ በሁለቱም ጎን ነው ወይስ በአንዱ ብቻ? ለችግኝ ማዳቀያ የሚሠሩ ሰንጢዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ የተሳሉ ናቸው፤ አንዳንድ የወጥ ቤት ቢላዋዎችም እንዲሁ። የእርስዎ እንደዚያ ከሆነች በዘንጉ ላይ የሚሳለው ተዳፋት ያለው ጎን ብቻ ነው። በሌላው ጎን፣ በመጨረሻ ላይ ብቻ፣ ጀርባዋን ጨርሶ ሳያነሡ አስተኝተው በ2000ው ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳቧት፤ የተገለበጠችውን ስስ ብረት ለማንሣት ነው። ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ከሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ አይመለከታትም፤ ጥርሱን ያጠፉባታል።

በየስንት ጊዜው ለሚለው፣ መልሱ የሚወሰነው በምን ላይ እንደምትቆርጡባት ነው። በትሪና በሰሃን ላይ የምትቆርጥ ቢላዋ በአንድ ሳምንት ትደነዝዛለች፤ ብረትና ሸክላ ስለትን የሚያጥፉ ነገሮች ናቸው። በእጅ ተይዞ ለሚላጥ ነገርና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መክተፊያ ላይ ብቻ ከዋለች፣ በየሳምንቱ በሲኒ ወይም በቀበቶ ላይ ጥቂት ከሳቧት፣ ወደ ብርጭቆ ወረቀቱ የሚመለሱት ከወራት በኋላ ነው። ሎሚና ቲማቲም ከቆረጡባት ወዲያው አጥበው ያድርቋት። ከማንኪያና ሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ አያስተኟት፤ ከካርቶን ትንሽ አፎት ይሥሩላት፤ ለስለቷም ለሌላ ሰው እጅም ነው።

ብዙ ጊዜ ከተሳለች በኋላ አንድ ነገር ያስተውሉ ይሆናል፦ ጋዜጣውን በደንብ እየቆረጠች ካሮት ውስጥ ግን እየተሰነቀረች ትይዛለች። ያ የጠርዙ ድንዛዜ አይደለም፤ ከጠርዙ ጀርባ ያለው ብረት ወፍሮ ነው። ያን ጊዜ በ400ው ወረቀት ላይ ጀርባዋን ከተለመደው በግማሽ ዝቅ አድርገው፣ ማርከሩ ከጠርዙ በላይ ባለው ወፍራም ቦታ ላይ ሲለቅ እያዩ ሁለቱንም ጎን ያሳሱት። ጠርዙ ጋር ሊደርሱ ጥቂት ሲቀርዎት ያቁሙና ከ1000 ጀምሮ እንደ ወትሮው ይሳሏት።